ጥላና መቀመጫ፦ ስለ ባሕር ዳር የሕዝብ ቦታዎች

ባሕር ዳር ውስጥ በሚያዝያ ወር ቀትር ላይ ከዘንባባ ሥር የሚቆም ሰው የረባ ጥላ አያገኝም። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ አካባቢ፣ ቀትር ላይ ከአናታችን በላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። የነሐሴዋን ደመናው ይጋርድልናል። የሚያዝያዋ ግን የምትመጣው ሰማዩ ጠርቶ፣ ምድሩ ደርቆ፣ ሙቀቱ በሚበረታበት ሰሞን ነው፤ ያን ጊዜ ዘንባባ የሚጥለው ጥላ ጠባብ ክብ ሆኖ ከግንዱ ሥር ይቀራል። ብዙዎቹ ዘንባባዎቻችን የተተከሉት ደግሞ በዋና ዋና መንገዶች አካፋይ ላይ ስለሆነ፣ ያችው ጥቂት ጥላ የምታርፈው ማንም በማይቆምበት ቦታ ነው።

ይህን ስል ዘንባባው ይቆረጥ ማለቴ አይደለም። ዘንባባ የባሕር ዳር መልክ ነው፤ ያላያት ሰው እንኳ በፎቶግራፍ የሚያውቃት በእርሱ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ለማለት የምፈልገው፣ የከተማችን የሕዝብ ቦታዎች ዛሬ ከሁሉም በላይ የጎደላቸው ጥላና መቀመጫ መሆኑን፣ እነዚህም ንጣፉ ከተነጠፈና መብራቱ ከተተከለ በኋላ በጌጥነት የሚጨመሩ ስላልሆኑ ከንድፉ የመጀመሪያ መስመር ጀምሮ ሊታሰቡ የሚገባቸው መሆኑን ነው። ጊዜውም አሁን ነው። የኮሪደር ልማት የሚባለው ሥራ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ክልል ከተሞች ሲዛመት ባሕር ዳርም ከእነርሱ አንዷ ሆናለች፤ የእግረኛ መንገዶች እየሰፉ፣ የሐይቁ ዳርቻም እየተነካ ነው። ዛሬ በሲሚንቶ የሚጸናው ነገር ልጆቻችን የሚኖሩበት ስለሆነ፣ ነዋሪ ሁሉ ያየውንና ያሰበውን ቢናገር መልካም ይመስለኛል።

ባሕር ዳር በዚህ ረገድ ከብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች የተሻለ ውርስ አላት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ ጀርመናዊው የከተማ ፕላን ባለሙያ ማክስ ጉተር የመራው ቡድን ለከተማዋ ፕላን አዘጋጀ። ቀጥ ያሉትና ሰፋፊዎቹ ጎዳናዎቻችን የዚያ ዘመን አሳብ ፍሬዎች ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ዋና ከተማውን ወደዚህ ለማዛወር አስበው እንደነበር እስከ ዛሬ ይነገራል። ይሁንና ስፋት ብቻውን ቦታን ለሰው የሚመች አያደርገውም፤ እንዲያውም ጥላ የሌለው ሰፊ መንገድ ከጠባቡ ይልቅ ያደክማል፤ በጠባብ መንገድ ላይ ቢያንስ ከጠዋቱና ከማታው ፀሐይ የግንብ ጥላ ያስጥላል።

ዛፍን በተመለከተ ምርጫው ቀላል አይደለም። ጃካራንዳ ሲያብብ ዓይን ያሳርፋል፤ ነገር ግን በበጋ ቅጠሉን የሚያራግፍ ዛፍ በመሆኑ ሙቀቱ በሚበረታበት ወቅት የሚሰጠው ጥላ የሳሳ ነው። ዋንዛም በደረቁ ወራት ቅጠሉ ይመናመናል። ማንጎ ግን ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፤ ጥላውም ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ በባሕር ዳር አፈርና አየር እንደሚስማማው በየግቢው ያሉት ትልልቅ ዛፎች ይመሰክራሉ። ፍሬው ንጣፉን ያበላሻል የሚሉ አሉ፤ ልጆችም ድንጋይ ይወረውሩበታል። እኔ ግን በመንገድ ዳር የሚለቀም ፍሬ ያላት ከተማ ንጣፏን ብታጥብ የሚቆጭ አይመስለኝም። ዋርካና ሾላ ሥራቸው ንጣፍ የሚፈነቅልና ቱቦ የሚሰነጥቅ ስለሆነ ለጠባብ የእግረኛ መንገድ አይሆኑም፤ ለአደባባይና ለመናፈሻ ግን የሚስተካከላቸው የለም። ሽማግሎች ሲያስታርቁ፣ የመንደር ሰው ሲመክር የኖረው በዋርካ ሥር ነው፤ አንድ ያደገ ዋርካ ያለበት ባዶ ቦታ ብዙም ሳይደከምበት የሕዝብ አደባባይ ይሆናል። ስለዚህ አንድ መሐንዲስ መንገድ ለማስፋት አስቦ በመስመሩ ላይ ትልቅ ዛፍ ቢያገኝ፣ መስመሩን ቢያጥፍ እንጂ ዛፉን ባይቆርጥ እመርጣለሁ፤ መስመሩ በአንድ ቀን ይታጠፋል፣ የዛፉን ጥላ ለመተካት ግን የአንድ ትውልድ ዕድሜ ያስፈልጋል።

ችግኝ ተከላ በየክረምቱ ይደረጋል፤ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ከመሬቱ በታች ያለው ሥራ ነው። የእግረኛ መንገድ ሲሠራ የውሃ ቱቦው፣ የስልክና የመብራት ገመዱ፣ የጎርፍ ቦዩ ሁሉ ቦታ ይመደብለትና ዛፉ ንጣፉ ውስጥ በተተወች ጠባብ ጉድጓድ ይተከላል። ሥሩ የሚሰፋበት አፈር፣ የዝናብ ውሃ የሚገባበት ክፍት ቦታ ስላላገኘ በጥቂት ዓመት ውስጥ ይቀጭጫል፤ በክረምት ደግሞ በአጠገቡ የሚያልፈው ጎርፍ በኮንክሪት ቦይ ውስጥ ስለሚሄድ አንዲት ጠብታ አይደርሰውም። የጠርዙ ድንጋይ በየዛፉ አጠገብ ትንሽ ክፍተት ቢተውለትና የመንገዱ ውሃ ወደ አፈሩ እንዲገባ ቢደረግ ዛፉም ይጠጣል፣ የቦዩም ሸክም ይቀላል። በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚጥልባት፣ አብዛኛው ዝናብም ከሰኔ እስከ መስከረም በሚወርድባት ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ወደ መቀመጫው ልለፍ። ዊልያም ኋይት የሚባል አሜሪካዊ በ1970ዎቹ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ የኒው ዮርክን አደባባዮች በፊልም ካሜራ እየቀረፀ ሰዎች የት እንደሚቀመጡና ለምን እንደሚቀመጡ ሲያጠና ነበር። የደረሰበት ዋና ነገር እጅግ ቀላል ነው፦ ሰዎች የሚቀመጡት መቀመጫ ባለበት ነው። የሕንፃው ውበት፣ የአደባባዩ ስፋት ያን ያህል ለውጥ አያመጣም፤ የሚቀመጡበት ጠርዝ፣ ደረጃ፣ ወንበር ካለ ይመጣሉ፤ ከሌለ ያልፋሉ። ከሁሉም ይበልጥ የወደዱት ደግሞ ወደ ጥላ ወይም ወደ ፀሐይ፣ ወደ ወዳጅ ወይም ከሰው ርቆ ማንቀሳቀስ የሚቻለውን ወንበር ነበር። የሚበላና የሚጠጣ ነገር የሚሸጥ ሰው ባለበት ቦታ ሌላውም ሰው እንደሚሰበሰብ አስተውሏል።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ የታወሱኝ የእኛዎቹ የጀበና ቡና ሻጮች ናቸው። አንዲት ሴት በዛፍ ሥር ረከቦቷን ዘርግታ፣ ጥቂት ዱካና የፕላስቲክ በርጩማ አስቀምጣ፣ ከሰል አያይዛ ስትቀመጥ፣ ያ ጥግ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሕዝብ ቦታ ይሆናል። ባጃጅ ነጂው ይቆማል፣ ተማሪው ይቀመጣል፣ ከገበያ የምትመለሰው ሴት ዘንቢሏን ታሳርፋለች። ወንበሩ ይንቀሳቀሳል፤ ጥላው ሲዞር አብሮ ይዞራል። የኒው ዮርኩ አጥኚ ከብዙ ምልከታ በኋላ የመከረው ነገር በእኛ አገር ያለ በጀት እየተሠራ ነው ማለት ነው። ከተማ ሲዋብ ግን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚነሡት እነዚህ ሴቶች ናቸው፤ ንጣፉ ንጹሕ እንዲሆን ይባላል፤ ከዚያም ንጹሕ ሆኖ ባዶ ይቀራል። ንድፍ አውጪው በእያንዳንዱ አዲስ የእግረኛ መንገድ ላይ ለቡና፣ ለጉልት፣ ለሊስትሮ የሚሆን ቦታ ከመተላለፊያው ወጣ አድርጎ፣ ውሃና ቆሻሻ መጣያ አቅርቦ፣ በዛፍ ሥር ቢያዘጋጅ መንገዱ ንጽሕናውንም ሕይወቱንም ይይዛል። ሻጮቹ መተላለፊያ ይዘጋሉ የሚለው ቅሬታ እውነትነት አለው፤ መፍትሔው ግን ቦታ መስጠት ነው።

እናቴ ጉልበቷን የምትታመም ሴት ናት። ቅዱስ ጊዮርጊስ ተሳልማ ስትወጣ ሐይቁን ማየት ትወዳለች፤ ቤተ ክርስቲያኑ ከዳርቻው ሩቅ ስላልሆነ እኔም ይዣት እወርዳለሁ። በዚያ መንገድ ላይ በየ50 ሜትሩ አንድ አግዳሚ ወንበር ቢኖር ሳታማርር ትሄድ ነበር። አንድ ቀን አረፍ ለማለት ብላ በውሃው ዳር ወዳለ አንድ የመዝናኛ ግቢ ገባች፤ ጥበቃው በትሕትና፣ «እናቴ፣ ዝም ብሎ መቀመጥ አይፈቀድም፤ የሚያዝዙት ነገር ካለ ይግቡ» አላት። ልጁ የታዘዘውን ነው የሠራው፤ አልተቆጣችውም፤ «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» ብላ ተመለሰች። እኔ ግን ቂም ይዣለሁ፤ ቂሜም በጥበቃው ላይ አይደለም፤ ሐይቁ የሚታይበትን ዳርቻ እንዲህ አድርጎ በከፈለው አሳብ ላይ ነው። ለቡና የሚከፍለው የሌለው ሰው ጣናን የሚያየው በግቢና በግቢ መካከል በተረፈው ክፍተት ነው።

እነዚህ ግቢዎች ይነሡ አልልም፤ ለብዙ ወጣት እንጀራ ናቸው፤ ዛፎቻቸውንም የተንከባከቡ አሉ። የምለምነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ በውሃውና በግቢዎቹ መካከል ሰው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ የሚሄድበት፣ አጥርም ጥበቃም የማያስቆመው የእግር መንገድ ይኑር፤ መዝናኛዎቹ ወንበራቸውን ወደዚህ መንገድ ቢያዞሩ ገበያቸው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ሁለተኛው፣ ከሐይቁ ጋር ትይዩ ከሚሄደው ዋና ጎዳና ወደ ውሃው የሚያወርዱ የሕዝብ መተላለፊያዎች በየ200 ሜትሩ ገደማ ይከፈቱ። አንድ ሰው በጎዳናው ሲሄድ በእያንዳንዱ መስቀለኛ መንገድ ላይ ዞር ብሎ ውሃውን ካየ ወደዚያ ይወርዳል፤ ካላየ ሐይቅ ባለበት ከተማ እየኖረ ሐይቁን ሳያስብ ይውላል።

ዳርቻውን ለመሥራት የሚያስብ ሰው ደግሞ ሐይቁን ራሱን ማጥናት አለበት። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን ሆኖ ሳለ ጥልቀቱ በጣም በሚጠልቅበት ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ዳርቻውም በብዙ ቦታ ለስላሳ ተዳፋት ነው። ውሃው ከክረምቱ በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ከፍ ይላል፣ በግንቦትና በሰኔ ዝቅ ይላል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኛው አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን መሬቱ በየ30 ሜትሩ አንድ ሜትር በሚወርድበት ቦታ አንድ ሜትር ተኩል ማለት ውሃው 45 ሜትር ያህል ወደ መሬት ይመጣል ወይም ወደ ኋላ ይሸሻል ማለት ነው። ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ ያለው ግድብ፣ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህም 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ የሚወስደው ውሃ በከፍታው ላይ ድርሻ አላቸው። በጥቅምት ወር ውሃው የደረሰበትን መስመር ብቻ አይቶ በዚያ ላይ ቀጥ ያለ የድንጋይ ግድግዳ የሚያቆም ንድፍ፣ በግንቦት ሰውን ከውሃው በጭቃ ሜዳ ይለየዋል። ለዚህ የሚሻለው ወደ ውሃው ዝቅ እያሉ የሚሄዱ ሰፋፊ ደረጃዎች ናቸው፤ ውሃው ሲሞላ ጥቂቶቹ ይሰጥማሉ፣ ሲጎድል ይገለጣሉ፤ ደረጃዎቹም ያለ ተጨማሪ ወጪ መቀመጫ ይሆናሉ።

ደረጃ የሚሠራው ግን በሁሉም ቦታ አይደለም። ደንገል የበቀለበት ዳርቻ እንዳለ መተው አለበት። ደንገሉ ከከተማው ቦዮች የሚወርደውን ቆሻሻና ደለል ይይዛል፤ ዓሣው ይራባበታል፤ ወፉ ጎጆ ይሠራበታል። ምግብ የበዛበት ውሃ እምቦጭን እንደሚያፋፋ ስለምናውቅ፣ ጎርፉን የሚያጣራውን ተክል ነቅለን በቦታው ንጣፍ ብናነጥፍ ሐይቁን ለማሳየት ብለን ሐይቁን እንጎዳለን። ጣናና አካባቢው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ሲመዘገቡ ይህን የመጠበቅ ኃላፊነት አብሮ ተሰጥቶናል። ሰው በደንገሉ መካከል እንዲያልፍ ከተፈለገ በእንጨት ወይም በብረት ምሰሶ ላይ የቆመ ጠባብ መተላለፊያ ይበቃል፤ ከሥሩ ውሃውም ተክሉም ነፃ ይሆናሉ።

ደንገሉ የሰዎችም መተዳደሪያ ነው። የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ታንኳ የሚሠራውና ስፌት የሚሰፋው በእርሱ ነው፤ በታንኳ ማገዶ፣ ሰውና ዓሣ ሲጓጓዝ ኖሯል። ዳርቻው ሲነደፍ ደንገሉ የሚደርቅበት ሜዳ፣ ታንኳው የሚታሰርበት ጥግ፣ ቀረሶና አምባዛ የሚያጠምደው ዓሣ አጥማጅ መረቡን የሚያሰጣበትና ዓሣውን በንጹሕ ውሃ አጥቦ የሚሸጥበት ቦታ በካርታው ላይ ተሠይሞ ሊቀመጥ ይገባል። በካርታ ላይ ያልተሠየመ ሥራ ግንባታው ሲጀመር የመጀመሪያው ተባራሪ ነው። ጎብኚው ታንኳ ለማየት ይመጣል፤ ታንኳ ሠሪው ግን ለጎብኚ ሲባል ከቦታው መነሣት የለበትም።

ስለ አጥር ጥቂት ልጨምር፤ መናፈሻ ሲሠራ ቶሎ የሚታሰበው አጥር ነውና። አጥር ደኅንነት ይሰጣል ብለን እናምናለን። በኒው ዮርክ ብራያንት ፓርክ የሚባለው መናፈሻ በብረት አጥርና በረጃጅም ቁጥቋጦ ተከልሎ ከመንገዱ የማይታይ ነበር፤ በ1970ዎቹ የአደንዛዥ ዕፅ ሻጮች መናኸሪያ ሆኖ ሰው ይፈራው ጀመር። ቁጥቋጦው ተነሥቶ፣ መግቢያዎቹ ሰፍተውና በዝተው፣ የሚንቀሳቀሱ ወንበሮች ገብተውበት በ1992፣ አሁንም በፈረንጆቹ፣ ሲከፈት በሰው ተሞላ። የእኛ ከተማ ኒው ዮርክ አይደለችም፤ ነገሩ ግን ለባሕር ዳር እናቶችና ልጃገረዶች በደንብ ይገባቸዋል። አንዲት ሴት ማታ በመናፈሻ ውስጥ ለማለፍ የምትደፍረው ከመንገዱ የምትታይ ስትሆን፣ መውጫው ከአንድ በላይ ሲሆንና በአጠገቧ ሌሎች ሰዎች ሲኖሩ ነው። መብራቱም ለመኪና ከሚበራው ረጅም ምሰሶ ሌላ ዝቅ ያለና ፊት የሚያሳይ ቢሆን ይጠቅማታል። በዚያ ላይ ንጹሕ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ከሌለ ሴቶች፣ ሕፃናት የያዙ ወላጆችና አረጋውያን በአንድ ቦታ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆዩም፤ ይህን የሚክድ ያለ አይመስለኝም።

የእግረኛ መንገዱም በትናንሽ ነገሮች ነው የሚፈተነው። የጠርዙ ድንጋይ ከ15 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ ለአረጋዊ ግንብ ነው፤ በየመሻገሪያው በ12 ሜትር አንድ ሜትር የሚወርድ ለስላሳ መውረጃ ከሌለው በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደው ሰው ከመኪናው መንገድ አይወጣም። የሚያብረቀርቅ ድንጋይ በበጋ ያምራል፤ በሐምሌ ግን ያዳልጣል። የቦዩ ክዳን ሲሰበር በማግሥቱ የሚተካ ሰው ከሌለ የንድፉ መልካምነት በአንድ ጉድጓድ ያበቃል።

ባሕር ዳር ሜዳማ ስለሆነች ብስክሌት የብዙ ሰው ማጓጓዣ ሆኖ ኖሯል። ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለእግረኛና ለብስክሌት ቦታ ይዞ መሠራቱ ደስ ያሰኛል። ድልድይ ላይ ዛፍ አይተከልምና፣ ያን ያህል መንገድ በፀሐይ የተጓዘ ሰው በሁለቱም ጫፍ ሰፊ ጥላና መቀመጫ ቢጠብቀው ሥራው ሙሉ ይሆናል። ብስክሌተኛው ደግሞ ከድልድዩ ሲወርድ መስመሩ ተቋርጦ ከባጃጅ ጋር እንዳይጋፋ፣ መንገዱ ፖሊና ፔዳ እስከሚባሉት የዩኒቨርሲቲ ግቢዎችና እስከ ገበያው ያለ መቆራረጥ መቀጠል አለበት።

ይህ ሁሉ የሚወሰነው በንድፍ ወረቀት ላይ ነው፤ ነዋሪው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን የሚያውቀው ቆርቆሮ ከታጠረ በኋላ ነው። ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ማንኛውም የዳርቻ ወይም የመንገድ ንድፍ ግንባታው ከመጀመሩ በፊት በየቀበሌው ጽሕፈት ቤትና በየቤተ እምነቱ ደጅ በአማርኛ ተጽፎ፣ ሰው በሚያነበው መጠን ታትሞ ይለጠፍ። በላዩ ላይ የጥቅምትና የግንቦት የውሃ መስመር ይሠመር። የሚቆረጠው ዛፍና የሚቀረው ዛፍ በተለያየ ቀለም ይታይ፤ የሚተከለውም ዛፍ ዓይነቱ በስሙ ይጻፍ። ያለ ክፍያ የሚቀመጡባቸው ቦታዎች ብዛት፣ ከእነርሱም ቀትር ላይ ጥላ የሚኖራቸው ስንቱ እንደሆኑ በቁጥር ይገለጽ። አስተያየት የሚሰጥበት ጊዜም ቢያንስ አንድ ወር ይሁን፤ የዳርቻው ሰዎች፣ ዓሣ አጥማጆቹ፣ ታንኳ ሠሪዎቹና ቡና ሻጮቹ ለብቻቸው ተጠርተው ይጠየቁ፤ ያሉትም በቃለ ጉባኤ ተይዞ ከንድፉ ጋር ይለጠፍ።